ምሽግ ነፃ የሆነ ሰሞን

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም። ብታዝኑልኝም ግን አልቀየምም። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ባለትዳር ነኝ፣ ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ እንዲወጣ ወረቀት ታቅፌ ከመስኮት ወደ መስኮት እመላለሳለሁ። በቀን ውስጥ በብዛት የምሰማው ቃል «ነገ ና» የሚለው ነው። ይህ እንግዲህ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ነው። ከምሳ በኋላ ጄነራል ነኝ፤ አሥራ ሁለት ሺህ ጦር አለኝ፣ ማንም «ነገ ና» አይለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ምሽግ» የሚባል በስልክ የሚጫወቱት የጦር ስልት ጨዋታ አለ። ከተማ ትቆረቁራላችሁ፣ እህል ታመርታላችሁ፣ ወታደር ትቀልባላችሁ፣ ከዚያ ጎረቤታችሁን ትወራላችሁ። ከአንደኛው ክፍል እስከ አራተኛው አንድም ሳያመልጠኝ ተጫውቼዋለሁ። ከተማዬ በድሬዳዋው የባቡር ጣቢያ ሰፈር በከዚራ ስም «አዲስ ከዚራ» ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገንብቻታለሁ። ግንቧ ሦስት ዙር ነው። መንገዶቿ ግራና ቀኝ ዛፍ አላቸው። ባቡር ጣቢያም አላት። በጨዋታው ውስጥ ባቡር ስለሌለ እውነቱን ለመናገር የፈረስ ጋጣ ነው፤ እኔ ግን ባቡር ጣቢያ ብዬ ሰይሜዋለሁ፤ ከዚራ ያለ ባቡር ጣቢያ አይሆንልኝም። የግቢያችን በር ማጠፊያው ከተነቀለ ዓመት አልፎታል። ሚስቴ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ የአዲስ ከዚራን በር ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና የግቢያችንን በር በድንጋይ ልታስደግፍ ወጣች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ማጠፊያውን ግን እስካሁን አልሠራሁትም።

የምሽግ ክብሩ የሚከፈልበት መሆኑ ነበር። በዶላር፣ ያውም በውጭ አገር ካርድ ነው የሚገዛው። እኔ ጅቡቲ ያለው የአክስቴ ልጅ በካርዱ ከፍሎልኝ፣ በምትኩ እዚህ ላለችው እናቱ ፍየል እየገዛሁ ነው ያገኘሁት። በየክፍሉ አንድ ፍየል። አክስቴ በዚህ አኳኋን አራት ፍየል አፍርታለች፤ አምስተኛው ክፍል መቼ እንደሚወጣ ከእኔ የበለጠ የምትጠይቀው እሷ ነበረች።

በዚህ ምክንያት ድሬ ውስጥ ምሽግን ከፍለን የምንጫወት አራት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ ብለን እናምን ነበር። ሙክታር ታይዋን ገበያ ስልክ ይጠግናል። አብዲ ባጃጅ ይነዳል። ጌታቸው የታሪክ መምህር ነው፤ ሁላችንም «ቲቸር» እንለዋለን። አራተኛው እኔ ነኝ። ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሰውን ሁሉ ከመንገድ ስታባርር፣ ሙክታር ቤት ምንጣፍ ላይ በርጫችንን እንቀመጣለን፤ ጫታችንን እየቃምን፣ ስልካችንን ይዘን፣ ዓለምን እንከፋፈላለን። ሰው ጨዋታችንን ልይ ብሎ አንገቱን ሲያሰግግ «ይሄ የሚከፈልበት ነው» ብለን ስልኩን ዘወር እናደርጋለን። ከጨዋታው ሁሉ በጣም የምወደው ይህችን ዘወር ማድረግ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ለሀሊማ እንኳን ዘወር አድርጌባታለሁ። ሀሊማ መታጠፊያው ላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጫቷን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና የምትሸጥልን ሴት ናት። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን «እስቲ አቦ፣ እኔም ልሞክረው፣ በምንድነው የሚገባው?» ስትለኝ ሳቅኩና «ሀሊማ፣ ይሄ ካርድ ይፈልጋል» አልኳት። የሞባይል ካርድ መስሏት የአሥር ብር አውጥታ ሰጠችኝ። ይህን በርጫ ላይ ስንት ጊዜ አውርቼ እንዳሳቅኩበት አልነግራችሁም፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ፣ ገና ቅጠል እየበጠስን ሳለ፣ በአራታችንም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት መልእክት ገባ። «ውድ የምሽግ ቤተሰቦች» ይላል። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ መጨረሻው አያምርም። «ከዛሬ ጀምሮ ምሽግ ለሁሉም ነፃ ነው!»

አብዲ ሁለት ጊዜ አነበበው። «አቦ፣ ነፃ ማለት በነፃ?»

«በነፃ» አልኩት።

«ለማንም?»

«ስልክ ላለው ሁሉ።»

ሙክታር የያዘውን ቀንበጥ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና፣ ሰው እንደሞተ ሁሉ፣ «ኢና ሊላሂ» አለ። ቲቸር መነጽሩን አወለቀ። «ሮምም የወደቀችው በሯ የተከፈተ ቀን ነው» አለ። ይህ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ታሪክ መምህር ሲያዝን የሚናገረውን የሚያጣራ ሰው የለም።

ደብዳቤው ይቀጥላል። ከፍለን ለቆየነው ነባር ተጫዋቾች ካምፓኒው ያለውን ጥልቅ ምስጋና ለመግለጽ ባንዲራችን ላይ የወርቅ ባርኔጣ ደፍቶልናል። ባርኔጣው ምን ይሠራል? ምንም አይሠራም፤ ባርኔጣ ነው። አራት ፍየል ለአንድ ባርኔጣ። ከታች ደግሞ በጣም ደቃቅ ፊደል፣ ከእንግዲህ የተመረተ እህል በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልተከፋፈለ እንደሚበሰብስ፣ እንዳይበሰብስ የፈለገ ግን «ቀዝቃዛ ጎተራ» መግዛት እንደሚችል ተጽፏል።

ወደ ተጫዋቾቹ መድረክ ገባን። የዓለም ሕዝብ በአንድ ነገር ተስማምቶ አያውቅም፤ በዚህ ተስማምቷል። አንዱ ስልኩን ውኃ ውስጥ ሲከት የሚያሳይ ቪዲዮ ለጥፏል። (ቪዲዮውን በምን እንደቀረጸው የጠየቀው ግን የለም።) አንዱ ልጅነቴን ሰረቃችሁኝ ይላል፤ ፎቶው ላይ ራሰ በራ ነው። ሌላው «ዳግመኛ አልነካውም» ብሎ ከጻፈ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው ግንብ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ይጠይቃል። በጣም የሚገርመው ግን ስለ ጎተራው የሚያማርር ጥቂት መሆኑ ነው። የሁሉም ቁስል አንድ ነው፤ ማንም ሰው ሊገባ ነው! እኛም ያንኑ ነበር ያልነው። አሥራ ሁለት ሺህ ጦር ያለው ሰው የሚፈራው የጎረቤቱን ልጅ ሆነ።

ሁለተኛ እስር ጫት ልገዛ ስወጣ ሀሊማ ፊቴን አየችው። «ምነው፣ ማን ሞተባችሁ?»

«ምሽግ ነፃ ሆነ» አልኳት።

«ታዲያ እልል አይባልም እንዴ?»

ለሕፃን ልጅ እንደሚነገር አስረዳኋት፤ እህሉ እንደሚበሰብስ፣ ጎተራው እንደሚሸጥ፣ የኛ ክብር እንደተነካ። ውኃ በጨርቁ ላይ እየረጨች ሰማችኝ። «ይሄማ ነፃ አይደለም ወላሂ፣ ምርቃት ነው» አለች። «እኔ አንድ እስር ስሸጥልህ ሁለት ቀንበጥ እመርቅልህ የለ? አንተ የምትመጣው ለቀንበጧ ብለህ ነው፣ የምትከፍለው ግን የእስሩን ነው። ሰውየው ነጋዴ ነው፣ ምን ያናድዳችኋል?» ከዚያ ስልኳን አወጣችና «ስሙ እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለችኝ። ነገርኳት። ጫት ሻጭ ስለ ጦር ስልት ምን ታውቃለች ብዬ ሁለት ቀንበጤን አስመርቄ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ቀን ቲቸር ደብዳቤ ጽፎ መጣ። «ጉዳዩ፦ ክፍያ እንዲቀጥልልን ስለመጠየቅ» ይላል። ዝቅ ብሎ፣ «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው እኛ ስማችን ከታች የተዘረዘረው ነባር ተጫዋቾች ምሽግን ከፍለን ስንጠቀም የቆየን ስንሆን፣ አሁን ያለ ክፍያ ለማንኛውም ግለሰብ ክፍት መደረጉ ሞራላችንን የነካ በመሆኑ፣ እርስዎም ጉዳዩን አይተው እንደቀድሞው እንድንከፍል ይፈቀድልን ዘንድ በትሕትና እናመለክታለን» ይላል። ድሬ ውስጥ «እርስዎ» የሚባለው ደብዳቤ ላይ ብቻ ስለሆነ ነገሩ ክብደት ያለው መሰለን። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ፤ ሃያ ዓመት በጉምሩክ መስኮት ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። ያገኘነው ማኅተም የሙክታር ሱቅ ብቻ ነበርና ከአራታችን ፊርማ ላይ «ስልክ፣ ሬዲዮና ቴፕ ጥገና» የሚል ሰማያዊ ክብ አረፈበት። በስልክ አስተርጉመን ፎቶ አንስተን ላክን።

መልሱ በሦስት ሰከንድ መጣ። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ጥያቄዎ ተመልሷል? አዎ። አይ።» አይ የሚለውን ነካን። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ጥያቄዎ ተመልሷል?» እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይ ስንል ዋልን። ከጉምሩክ መስኮት የሚለየው ወረፋ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ነው አድማ ለመምታት የወሰንነው። ሐሳቡን ያመነጨሁት እኔ ስሆን ሰዓቱም ጫቱ ሞቅ አድርጎን ምርቃና ላይ የሆንንበት፣ ሰው ሁሉ ጀግና የሚሆንበት ሰዓት ነበር። ለሰባት ቀን ከተማችንን ላንከፍት ሙክታርና አብዲ ወላሂ፣ እኔና ቲቸር ደግሞ በሚካኤል ብለን ማልን። ለመተማመኛ አንዳችን በሌላችን ፊት ከጨዋታ አካውንታችን፣ ከመለያችን ወጣን። ካምፓኒው እንግዲህ ድሬን ያጣ ዕለት ይገባዋል ተባለ።

አንድ ሌሊት አደርኩ። በማግስቱ ጉምሩክ ወረፋ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ታወሰኝ፤ እህሉ በስድስት ሰዓት ይበሰብሳል። እኔ ከተማዬን ካልከፈትኩ የሚያከፋፍለው የለም፤ አሥራ ሁለት ሺህ ሰው ጦሙን ያድራል። ዘጠኝ ዓመት ያሳደግኳቸው ናቸው። እዚያው ቆሜ የመሐላውን ቃል መመርመር ጀመርኩ። የማልኩት «ከተማዬን አልከፍትም» ብዬ ነው። ሌላ መለያ አውጥቼ፣ እንደ ጎረቤት ሆኜ፣ ለአዲስ ከዚራ እህል ብልክ ምን ተነካ? ወረቀት ሥራ ላይ የቆየ ሰው መቼም ቀዳዳ አያጣም። ወረፋው ሳይደርሰኝ «ተራ ሰው» በሚል ስም በነፃ ተመዘገብኩ። ያ ሁሉ የተቃወምኩት ነፃ ለመግባት ሁለት ደቂቃ ፈጀ።

አዲስ ገቢ ግን፣ ቀድሞ ገብቶ ራሱ ገዢ ካልሆነ በቀር፣ ያለ ጌታ አይኖርም፤ በአካባቢው ካሉት ገዢዎች ለአንዱ ማደር አለበት። በድሬ ዙሪያ አዲሶቹ ሁሉ ያደሩት «እናት ድሬ» ለምትባል ገዢ ነበር። የሁለት ቀን ተጫዋች ናት፤ ጦሯ ከቁጥር አይገባም፤ ጎተራዋ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ሞኝ ናት ብዬ ደስ አለኝ። ነገር ግን በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ያመረተችውን አንድ ፍሬ ሳታስቀር ለሰው ሁሉ ታድላለች። ስድስት ከረጢት ስለምናት ስምንት ትልክልኛለች። ጎተራዋ ባዶ ስለሆነ የሚዘርፋት የለም፤ የበላ ሁሉ ደግሞ ባለዕዳዋ ነው። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ ምንም አልገባኝም። ሦስት ከረጢት ለተራ ሰው አስቀርቼ አምስቱን ለአዲስ ከዚራ እልካለሁ። ከእኔ ጋር ያደሩ «መንገደኛ»፣ «ስም የለሽ» እና «ማንም» የሚባሉ ሦስት ሰዎችም ነበሩ፤ እነሱም የሚቀበሉትን እህል ግማሹን የት እንደሚወስዱት አይታወቅም። ድሃ ዘመድ ያላቸው ደግ ሰዎች መሰሉኝ።

በአድማው በአምስተኛው ቀን በርጫ ላይ ተቀምጠን ስለ ጽናታችን እናወራለን። አራት ስልክ በአፉ ተደፍቶ ምንጣፉ ላይ ተደርድሯል። ቲቸር ስለ ታላላቅ አድማዎች እያስረዳ ሳለ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጦር ጥሩምባ ተነፋ። ከአራቱም ስልክ።

አራት መዳፍ አራቱን ስልክ ከደነ።

«የኔ ማንቂያ ደወል ነው» አለ አብዲ።

«የኔም» አለ ሙክታር።

«እኔ የመድኃኒት ሰዓቴ ነው» አለ ቲቸር።

እኔም ሰበቤን ልናገር አፌን ስከፍት አራቱም ስልኮች አንድ ላይ «ተዋጊዎች ሆይ፣ እናት ድሬ ትጠራችኋለች!» ብለው ጮኹ።

መንገደኛ አብዲ ነው። ስም የለሽ ሙክታር ነው። ማንም ደግሞ፣ አቤት ድፍረት፣ ያ ሁሉ የሮም ታሪክ ያለው ቲቸር ነው። ለመተፋፈር እንኳን ጊዜ አላገኘንም፤ ሙክታር ስልኩን ገልብጦ ትእዛዙን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። «ጄነራል፣ ዝመቱ ተብለናል» አለኝ።

«በማን ላይ?»

ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። አዲስ ከዚራ ይላል። እናት ድሬ የምታድለው እህል ወዴት እንደሚፈስ ተከታትላ ደርሳበታለች፤ ደግሞም ያልዘመተ ከነገ ጀምሮ እህል አያገኝም።

ወደ ከተማዬ ገብቼ ልከላከል ስልኬን አነሳሁ። የምስጢር ቁጥር ጠየቀኝ። ቁጥሩ የሚላከው ከፍሎ ወደመዘገበኝ ሰው ስልክ ነው፤ ጅቡቲ። ደወልኩ። አይነሳም። ጅቡቲ በዘጠኝ ሰዓት እንደ ድሬ ናት፤ ያላንቀላፋው በርጫ ላይ ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ ደወልኩ። በመጨረሻ ለአክስቴ ደወልኩና ልጇን እንድትቀሰቅስልኝ ለመንኳት። «አምስተኛው ወጣ እንዴ?» አለችኝ በደስታ። ነፃ ሆነ ስላት ዘጋችብኝ።

«አንተ አንዘምትም በል፣ አንዘምትም» አለኝ ሙክታር። ይህን ያለው ከልቡ ነው፤ ዛሬም አልረሳለትም። አብዲ ግን ጣቱን ስልኩ ላይ እንዳደረገ ነበር።

አሰብኩት። ካልዘመትኩ ተራ ሰው ይራባል፤ ተራ ሰው ከተራበ አዲስ ከዚራም ትራባለች። ብዘምት ደግሞ አዲስ ከዚራ ትወረራለች፤ ግን ቢያንስ ከምርኮው ድርሻ አለኝ። እዚህ ላይ አእምሮዬ ምን እንደነካው አላውቅም። «ዝመቱ» አልኩ። የራሴን ከተማ በሰሜን በር በኩል የከበብኳት እኔው ራሴ ነኝ፤ ያ በር ደካማ መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ውጊያም አልተደረገም። እናት ድሬ ከሠራዊቱ ፊት እህል የጫኑ ጋሪዎች አስቀደመች። የላክሁት እህል የሚያከፋፍለው አጥቶ ጎተራ ውስጥ በስብሷልና የእኔ ወታደሮች አምስት ቀን የተራቡ ናቸው፤ በሩን ከፍተው ወጥተው ተቀላቀሏት። ሦስት ዙር ግንብ አንድ ድንጋይ ሳይወረወርበት ተወሰደ። ለተራ ሰው ሁለት ከረጢት ምርኮ ደረሰው፤ አንደኛው የበሰበሰ ነው። ቲቸር ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ «ከተማዬ ተያዘች» አልኳት። «በሩን ማን ከፈተው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ጫት ልገዛ ሄጄ ሀሊማ ፊት ቆሜ እያለሁ ከእርጥቡ ጨርቅ ሥር ጥሩምባ ተነፋ። ሀሊማ እጇን ሰድዳ ስልኳን አወጣችና፣ ለአንዱ ደንበኛ መልስ እየቆጠረች በአንድ ጣቷ ሦስት አራት ቦታ ነካ ነካ አድርጋ መልሳ ከተተችው።

«አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«ምኑ?»

«እናት ድሬ!»

«እንዴ፣ አንተም አለህበት? የቱ ነህ?»

ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ዘጠኙን ዓመት፣ ዛፎቹን፣ ባቡር ጣቢያውን። ከልቧ አዘነች። «ወላሂ ያንተ መሆኑን አላወቅኩም። ያን ሁሉ እህል ማን ቆልሎ ያበሰብሳል ብዬ ነው እኮ የገረመኝ! የሚጠወልግ ነገር እንደያዝክ አንድ ቀን ታድራለህ እንዴ? እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልሸጥኩትን በዱቤም በምርቃትም ብዬ እጨርሰዋለሁ እንጂ አላሳድርም።»

«መልሺልኝ» አልኳት። በልምምጥ ነው ያልኩት፤ አላፊ አግዳሚው እየሰማኝ።

«ውሰዳት እንጂ! እኔ ከተማ ምን ያደርግልኛል? አሁን ገበያ ነው፣ እንዴት እንደሚመለስም አላውቅበትም። ነገ ና፣ አብረን እናየዋለን።»

እድሜዬን ሙሉ «ነገ ና» ተብዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የበሩን ማጠፊያ ሁሉ ልጠግን ተነስቼ ነበር፤ መዶሻ አጣሁ እንጂ። ሌሊቱን የአዲስ ከዚራን ጎተራ ባዶ አድርጌ እንዴት እንደማስተዳድር ሳሰላስል አደርኩ። ተለውጫለሁ፣ ተምሬያለሁ፣ ማንም ይግባ ብያለሁ።

በማግስቱ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ፣ ጫቱ ከአወዳይ ገበያ ተጭኖ ሳይደርስ ደረስኩ። ሀሊማ ባዶውን ጨርቅ እያጠበች ነው።

«መጣሁ» አልኳት።

«ገና አልገባም፣ ትንሽ ጠብቅ።»

«ለጫት አይደለም። ለከተማዬ።»

እርጥብ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ! ያንተ ነገር ለካ አለ! አጠፋሁት እኮ!»

«ምኑን?»

«ጨዋታውን። የልጄ የኢክራም ሠርግ ፎቶ ትናንት ማታ ተላከልኝ፣ ስልኩ ሞልቷል እያለ አልገባ አለኝ። ደግሞ እሱ ሶላት ላይ ሳይቀር ‹ንግሥት ሆይ፣ ንግሥት ሆይ› እያለ ይጮህብኛል። ‹ሙሉ በሙሉ ይዘጋ?› ሲለኝ አዎ አልኩት። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሦስቴም አዎ አልኩት።»

ገዢው መለያውን ሲዘጋ የያዘው ከተማ ሁሉ አሸዋ እንደሚሆን ሕጉን አውቀዋለሁ። ተጣርቶ የሚስተካከል ነገር የለውም። አርባ አንድ ዓመት የሆነው ሰው በቀትር ፀሐይ፣ ሰው በሚያልፍበት መታጠፊያ ላይ፣ ለፈረስ ጋጣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሀሊማ ልታጽናናኝ ፎቶዎቹን አሳየችኝ። ልጅቷ በጣም አምሮባታል። እንደዚያ ነው ያልኳት፤ እውነትም አምሮባት ነበር።

«አይዞህ አቦ፣ ጨዋታ ነው» አለችኝ። ጨርቁን ጨምቃ ዘረጋችውና ትንሽ አሰበች። «ግን ወላሂ ደስ ይል ነበር። ስልኬን ኢክራም ታራግፍልኛለች። እንደሱ ያለ ሌላ ነፃ የሆነ ታውቃለህ?»

አውቃለሁ አልኳት። ስልኳን ተቀብዬ ስሙን ራሴ ጻፍኩላት። የጻፍኩላት ግን ካርድ የሚጠይቀውን፣ የሚከፈልበትን ነው።